የሮማነወርቅ ገል

ወለንጪቲ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበላይነሽ ኦሊቃ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። ሰው ጆሮዬ ሥር ካልጮኸበት በቀር ተዘግቷል። ደጋግሜ ደወልኩ ያልሽውን ያልሰማሁት ለዚህ ነው። ስልኩን ለሰው ሰጠሁት፤ ለደንቆሮ ስልክ ምኑ ነው?

ይህን የምትጽፍልኝ ከሪማ ናት፤ ገበያው ዳር ጀሪካንና የፕላስቲክ ባልዲ የምትሸጠው ጎረቤቴ። ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። በጆሮዬ ስትጮህ ግማሹ ገበያ ሰምቷል። ማረሚያ ቤት ውስጥ ሸክላ መማር መጀመርሽን አሁን ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ይወቁ።

ሁለት ዓመት ሳትጽፊ ከርመሽ ስትጽፊ ስለ ጤናዬ አንድ መስመር፣ ስለ ጭቃ ሁለት ገጽ ጻፍሽ። ከሪማ «ልጅዎ እርስዎን ነው የመሰለችው» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት አላወቅሁም።

እጅሽ ሸክላ እንዳይነካ ብዬ ነበር ያሳደግሁሽ። እናትሽ ጭቃ መርገጥ ስትጀምር አንቺን እየገፋሁ ትምህርት ቤት አስገባሽ ነበር። «የሸክላ ሠሪ ልጅ» እንዳይሉሽ ነበር። አሉሽ። ትልቅ ሴት ሆነሽ፣ አዳማ ከተማ መሀል፣ በራስሽ ደጅ ላይ ቆመው የታመመ ልጃቸውን በላሽብን አሉሽ። አንቺም በእጅሽ የነበረውን ዘነዘና ሰነዘርሽ፤ የተመታው ሰውዬ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዘጠኝ ዓመት ፈረዱብሽ፤ ስድስቱን ጨረስሽ። ይኸው አሁን መንግሥት ራሱ ጭቃውን ጭኖ አምጥቶ እጅሽ ላይ አኖረው። እኔ በከንቱ ነው የደከምኩት።

ይሁን። ነገሩን እንደተረዳሁት እንዲህ ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ አንዲት እንስራ ሠርተሽ፣ ውሃ ሞልተሽባት ሳትሰነጠቅ ካደረች፣ ሥልጠናውን ጨርሳለች ይሉሻል። ሥልጠናውን የጨረሰ አመክሮ ያገኛል፤ በሚያዝያ ትወጫለሽ። ካልሆነ የቀሩትን ሦስት ዓመታት እዚያው ትጨርሻቸዋለሽ። እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ሦስት ዓመት ለእኔ ብዙ ነው። እንድታዝኚልኝ አይደለም የምነግርሽ፤ እንድታውቂው ነው።

እንግዲህ አሰልጣኙ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን የቃላት ዝርዝር ተይው። እናትሽ ሮማነወርቅ የምትላቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። እኔ ወንድ ነኝ፤ ቆፍሬ አምጥቼ ደጇ ላይ ከማፍሰስ በቀር ሸክላ አልሠራሁም። ቃሉን አውቃለሁ፣ እጁን አላውቅም።

አፈር የሚባለው ገና ከጉድጓድ የወጣው ነው። ጉድጓዱ የወንድ ነው፤ ሴት አትገባበትም፤ አፉ ላይ ቆማ ትቀበላለች። አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያድር ጭቃ ይባላል። ጭቃ ይረገጣል። ጫማሽን አውልቀሽ፣ በተረከዝሽ፣ ከዳር ወደ መሀል። «እጅ ይታለላል፤ ጠጠሩን የሚያገኘው እግር ነው» ትል ነበር። እንስራ እንደ ሰው ነው፤ ቂጥ አለው፣ ሆድ አለው፣ አንገት አለው፣ አፍ አለው፣ ጆሮ አለው። አሰልጣኙ «እጀታ» ቢልሽ ዝም በይው፤ ጆሮ ነው። ከቂጡ ትጀምሪና ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ታሳድጊዋለሽ። ስትቸኩዪ ሆዱ ይወድቃል። እርጥብ ሳለ በለስላሳ ጠጠር ታሺዋለሽ። ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካየ ይሰነጠቃል። ከዚያ ይቃጠላል። ሲበርድ በጣትሽ አንጓ ታንኳኪዋለሽ። ደኅናው ይጮሃል። የተሰነጠቀው፣ ዓይን ስንጥቁን ባያየው እንኳ፣ ድምፁ የሞተ ነው።

ገል የሚባለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቃሉን ስለማልወደው ነው። የተሰበረ ሸክላ ስባሪ ነው። ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ከጭቃው ጋር ይረገጣል። ገል የሌለው ጭቃ እሳት ሲያይ ይደነግጣል።

የጠየቅሽኝ ይኸው ነው።

አባትሽ ኦሊቃ

(እህቴ በላይነሽ፣ ይህን የጨመርኩት እኔ ከሪማ ነኝ፤ እሳቸው አያውቁም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል። «ስለ ጤናዬ አንድ መስመር» ያሏትን መስመር ግን ስድስት ጊዜ።)


ወለንጪቲ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለበላይነሽ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ረጅም ስለሆነ ከሪማ ግማሹን ዘላዋለች መሰለኝ፤ አልዘለልኩም ትላለች።

ስለ መሬቱ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ይንቀጠቀጣል። ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ ከፈንታሌ በኩል ነው የሚመጣው ይላሉ። እኔ ድምፁን አልሰማም፤ በተቀመጥኩበት በቂጤ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት የከሪማ ዕቃ በሙሉ ከመደርደሪያው ወርዶ መንገድ ላይ ተንከባለለ። ሰብስባ ደረደረችና «አዩ ኦቦ ኦሊቃ፣ የእኔ ዕቃ ወድቆ ይነሳል። የባለቤትዎ ቢሆን ኖሮ?» አለችኝ። «የሚስቴ ዕቃ ሲሰበር ለሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ያንቺ ሲቀደድ ፍየል በልቶት ይሞታል» አልኳት። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ። እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

ሁለቱም እንስራዎች እሳት ውስጥ ፈነዱ አልሽ። የተሰበረውን ፈጭተን ገል ብናደርገውስ አልሽ። አይሆንም። ለእናንተ እንጨት በልክ ነው የሚሰጧችሁ፤ እሳታችሁ ደካማ ነው። በደንብ ያልተቃጠለ ሸክላ ቢፈጭም ገል አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ነው። ገል ማለት ሃያ ዓመት ምድጃ ላይ የኖረ፣ ቂጡ የጠቆረ ድስት ነው። እሳትን የለመደ ነው። አዲሱን ጭቃ ይዞ ያስለምደዋል። እናትሽ የሰው ስባሪ ሁሉ ስትለቅም የኖረችው ለዚህ ነበር።

ከገጠሩ ቤታችን ጀርባ ከነበረው ከእሷ የገል ክምር፣ ልጅ ሳለሽ ከምትወጪበት፣ አንድ ጆንያ ላክልኝ አልሽ። የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አንቺ ቤይሩት ሳለሽ ታላቅ ወንድሜ ሞተ። እኔ የገበሬ ልጅ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባሁ ብለው ዘመዶቼ ሃያ ስምንት ዓመት ደጄን አልረገጡም፤ እኔም የእነሱን አልለመንኩም። ለወንድሜ ግን ሄድኩ። ቀበርን፤ ተቀመጥን። ጠላ ለሰው ሁሉ በጣሳ ተቀዳ። ለእኔ በገል አመጡልኝ። በተሰበረ እንስራ ስባሪ። የሚያስተናግደው ሰው «ጠጥተህ ስታበቃ ወዲያ ወርውረው» አለኝ። የሸክላ ሠሪ ቤት አፍ የነካው ዕቃ አይታጠብም፤ ይጣላል። እኔ ኦሊቃ፣ የዚያው ግቢ ልጅ።

ጠምቶኝ ነበር። ጠጣሁ። የማልረሳው መጠጣቴን ነው።

ቤቴ ገባሁ፤ አካፋ አነሳሁ፤ የእናትሽን ክምር እስከ መጨረሻው ጠርጌ መንገዱ ላይ በተንኩት። በማግስቱ ጋሪ ሄደበት። ያን ዕለት ማልኩ፤ ከእንግዲህ ለሸክላ ዶማ አላነሳም አልኩ። እናትሽ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

ስለዚህ ገል የለኝም።

እናቴ በምን ሞተች ብለሽ ደግመሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ ያው ነው። ምች ነው። ሦስተኛ አትጠይቂኝ።

አባትሽ ኦሊቃ


ማረሚያ ቤት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እትዬ ከሪማንም ሰላም በሉልኝ።

ሦስተኛዋም ተሰነጠቀች። ቃላትዎን ደብተሬ ላይ ጽፌ ለክፍሉ ሴቶች አነብላቸዋለሁ። ማርቲ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች፤ «ቂጥ» ስል በሳቅ ትፈርሳለች። አሰልጣኛችን ሚኪያስም ሳይወድ በግዱ ጆሮ ማለት ጀምሯል። እንዳሉኝ ጥላ ውስጥ አደረቅኋት። እንዳሉኝ አሸኋት። ከእሳቱ ስትወጣ ደኅና መስላኝ ነበር። ሳንኳኳት ድምጿ ሞቶ ነበር። ከየካቲት መጨረሻ በፊት የቀረኝ አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

አባባ፣ በቀደም ከሠፈራችን አንዲት ሴት ገባች። ጫልቱ ትባላለች። ስሜን ስነግራት «የጉድጓዷ ሴትዮ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«የጉድጓዷ ሴትዮ ማን ናት?» አልኳት።

ደነገጠች። «ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ሰው ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በምግብ ሰልፍ ላይ እንኳ ከእኔ ኋላ አትቆምም።

ሦስተኛ አትጠይቂኝ ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠየቅኩ። ሴት ጉድጓድ አትገባም ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። እሷ ምን ልታደርግ ገባች? እርስዎ የት ነበሩ?

ልጅዎ በላይነሽ


ወለንጪቲ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

በላይነሽ፣

ሰላምታውን እተወዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ከሰማሽ በኋላ ሰላምታዬን ትፈልጊው እንደሆነ አላውቅም።

ከሪማ ይህን ታሪክ አታውቅም። እናትሽ ከሞተች በኋላ ነው ከገጠር ወደ ወለንጪቲ የገባሁት፤ ሰው እንዳያወራልኝ ነው የገባሁት። አሁን አብራሽ ትሰማለች። ሱቋን ዘግታ ነው የምትጽፈው።

ከመሐላዬ በኋላ አንድ ወር ሆነ። ፋሲካ እየቀረበ ነበር፤ ለእናትሽ ሰው ድስት አዝዟታል። አፈር አልቆባታል። አንድ ጠዋት «አባ በላይነሽ፣ ትቆፍርልኛለህ?» አለችኝ። ምያለሁ አልኳት። በማግስቱ ጠየቀችኝ። ምያለሁ አልኳት። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀችኝም። ዶማውን ከግድግዳው ስታወርድ አልጋዬ ላይ ሆኜ አየኋት። ትታው ትመለሳለች ብዬ ነበር። ሴት ጉድጓድ አትገባም ብዬ ነበር። ልትለምነኝ ትመለሳለች ብዬም ነበር። ይህችኛዋን ጻፊ ከሪማ፣ ዝም አትበይ።

ተነሥቼ ወለንጪቲ አረቄ ቤት ገባሁ። የት ነበሩ ላልሽው፣ እዚያ ነበርኩ። እስከ እኩለ ቀን ተቀምጬ ስለ ወንድሜ ቤት ሰዎች ክፋት አወራሁ።

ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ጫማዋ አፉ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ተስተካክለው፣ ልክ ጭቃ ልትረግጥ ስትል እንደምታስቀምጣቸው። ጉድጓዱ ግን የለም። ወንዙ በኩል ያለው ግድግዳው ወርዶ ሞልቶታል።

ጮህኩ። የመጡት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? የወንድሜ ቤት ሰዎች ናቸው። በገል ያጠጣኝ ሰውዬ ራሱ ከእኔ ጎን ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ። አወጣናት። ዶማው በእጇ ነበር።

ከሪማ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። አንሺ ብያታለሁ።

አንቺ በስልክ «እማማ ምን ሆነች?» ስትይኝ ምች ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ካልኩ በኋላ ሰውን ሁሉ እንደ እኔ በሉ አልኩ። ስትመለሺ መቃብሩን አሳየሁሽ፤ ጉድጓዱን ግን አላሳየሁሽም።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው የዘንድሮ ነው። ጭቃሽ የሚሰነጠቅበትን ምክንያት ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የምትሠሩበት የላይ አፈር ነው። የላይ አፈር ገል በእጥፍ ይፈልጋል፤ ያለ ገል እንስራ አይሆንም። እናትሽ የምትሠራው ከሰው ወገብ በታች በሚገኘው ግራጫ አፈር ነበር። እሱ በጥቂት ገልም ይቆማል። የገባችው ለእሱ ነው። ይህን ብነግርሽ «ከየት ነው የሚወጣው?» ትይኛለሽ፤ ጉድጓዱን መጥራት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሦስት እንስራ በእኔ ዝምታ ተሰበረ።

የቀረሽ አንድ ነው ብለሻል። አልረሳሁትም።

ኦሊቃ


ወለንጪቲ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለበላይነሽ፣

መልስ አልጻፍሽም። ጻፊ አላልኩሽም።

ይህን ወረቀት የያዘልሽ ራህመቶ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ሽንኩርት ጭኖ በእናንተ በኩል ያልፋል። አብሮ አንድ ጆንያ ያደርስልሻል። ግራጫው አፈር ነው። ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። በበሩ ላይ ጠባቂዎቹ በብረት ሊወጉት ይችላሉ፤ ይውጉት፣ አፈር አይቆስልም።

ከላዩ በጨርቅ የታሰረው ገል ነው። ትንሽ ነው፤ አራት እፍኝ ቢሆን ነው። ስቆፍር የእናትሽ የውሃ ማሰሮ ስባሪ ወጣ። ያን ዕለት ውሃ ይዛበት ወርዳ ነበር። አሥር ዓመት አፈር ውስጥ ተቀምጦ አልሟሟም። በድንጋይ የፈጨሁት እኔው ነኝ። ሴት ወይዘሮ ሆኜ ተቀምጬ ፈጨሁ፤ ያየ ይይ።

አፈሩን ሁለት ቀን ውሃ አጠጪው፤ ከዚያ ርገጪው። የካቲት ሳያልቅ ትደርሻለሽ።

እኔ ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል።

አባትሽ ኦሊቃ

(እህቴ፣ ጉንፋን አይደለም። ጎረቤታችን ፈይሳ በጋሪው ወሰዳቸውና በገመድ አወረዳቸው። «እኔ ልውረድ እንዳትለኝ፣ የምወርደው ራሴ ነኝ» ብለው ሙግት ገጥመውታል። ጆንያው ከወጣ በኋላ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ፈይሳ ጮኸ፤ እሳቸው አይሰሙም። የጉድጓዱ ጠርዝ እግራቸው ላይ ወረደ። ከጉልበታቸው በታች ነው የተሰበሩት፤ ወጌሻ አስሮላቸዋል። እኔ ቤት ነው የተኙት። «ጉንፋን ብለሽ ጻፊ» አሉኝ፤ ጻፍኩ። ወላሂ እኔ ግን የምዋሽበት አቅም የለኝም። ከሪማ።)


ማረሚያ ቤት፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እግርዎ እንዴት ነው? ጉንፋን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጆንያው በደኅና ደረሰኝ። እንዳሉት በብረት ወግተውታል። አሥራ አንድ ቀን ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳላየው አለፍኩ። ማርቲ «ምንድነው፣ እሬሳ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ፤ እሷ አታውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውሃ አጠጣሁት። በአሥራ አራተኛው ቀን ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት። መልኩ እንደነገሩኝ ግራጫ ነው። ሽታውን አወቅኩት አባባ፤ የእማማ ቀሚስ ሽታ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ሁለቱን አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ያን ሳደርግ የጻፉልኝ ትዝ አለኝ። እግሬን አነሳሁ።

ማውረድ አቃተኝ።

ሚኪያስ «ምን ሆንሽ፣ እርገጪ እንጂ» አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው? እናቴ የቀረችበትን አፈር በተረከዜ ከዳር ወደ መሀል ልረግጠው ነው? ማሰሮዋንስ አብሬ ልረግጠው? አንድ እግሬን አንስቼ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ጫማዬን አደረግኩ።

አራተኛዋን እንስራ እዚሁ በሚሰጡን የላይ አፈር ሠራኋት። እንደማትቆም እያወቅኩ ሠራኋት። እሳት ውስጥ ለሁለት ተከፈለች። የአመክሮውን ዝርዝር ባለፈው ሰኞ ለጠፉ፤ ስሜ የለበትም። ማርቲ አለች። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም።

ሦስት ዓመት ለእርስዎ ብዙ እንደሆነ ነግረውኛል። ረስቼው አይደለም። እግርዎን የሰበሩበትን አፈር ጥዬ እርስዎን የገደልኩ መስሎ ይሰማኛል። ግን ደግሞ እንዲህ አላደረግኩም ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፤ በእኛ ቤት የተዋሸው ይበቃል።

ይቅር ብያለሁ ብዬ ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እጄ አልጽፍ አለ። እሱም ውሸት እንዳይሆን ተውኩት። አንድ ቀን ይጽፈው ይሆናል።

አፈሩ ደርቆ ስላልጨረሰ እርጥቡን ለራህመቶ መልሼለታለሁ። ገሉን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ትራሴ ሥር ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ያ ጉድጓድ አሁንም አፉ ክፍት ነው? ደግሞ የላይ አፈር ገል በእጥፍ ይፈልጋል ብለዋል። ሰው ጉድጓድ ሳይገባ፣ በላይ አፈር ብቻ፣ እንስራ ለመሥራት ስንት ገል ይበቃል?

ልጅዎ በላይነሽ


ወለንጪቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበላይነሽ፣

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እግሬ ተጣሞ እየጠገነ ነው። ወጌሻው በምርኩዝ ትሄዳለህ ብሎኛል። በአህያም ቢሆን እሄዳለሁ።

ደብዳቤሽን ከሪማ ስታነብልኝ እግርሽን ያነሳሽበት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቋረጠ። እኔ አልሰማሁትም፤ አፏ መቆሙን አየሁ። ቀጥዪ አልኳት። ጨረሰች።

ልክ ነሽ። አፈሩን ባልልከው ኖሮ ይሻል ነበር፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የማምጣውን አፈር ለማን እንደማመጣው እንኳ ሳላስብ ነው የኖርኩት። ርገጪው ብዬ መላኬ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ ሦስቱ ዓመት እኔን እንደገደልሽ አታስቢ። እኔን የሚገድል ነገር ቢኖር ኖሮ አሥር ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ነበር።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው። ክፍት አይደለም። ፈይሳና የሠፈሩ ወንዶች ደፈኑት። በጋሪ ወስደውኝ ዳር ላይ ተቀምጬ አየሁ። ከሁሉ በፊት የገባው አንቺ የመለስሽው አፈር ነው፤ ራህመቶ እንዳመጣው፣ ገና እርጥብ እንዳለ። በላዩ ላይ የወንዝ ድንጋይ ተከመረ። ከዚያ ማንም ምንም አያወጣም።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ። እናትሽ ክረምት ላይ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ፣ በላይ አፈር ትሠራ ነበር። ለአንድ እንስራ ሁለት ቁና ጭቃ ከሆነ አንድ ቁና ገል። ብዙ ነው። ያረጀ፣ እሳት የጠገበ ገል መሆን አለበት። አንቺ ወጥተሽ መሥራት ብትፈልጊ፣ ካልፈለግሽም ተይው፣ ክምር ያስፈልግሻል። ክምር በአንድ ቀን አይሰበሰብም። እናትሽ የእሷን ለመሰብሰብ ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። እኔ ሦስት አለኝ እንበል።

ጀምሬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሪማ ሱቅ በር ላይ ምንጣፍ ይነጠፍልኛል፤ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ድንጋይ አለኝ። ለገበያ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «የተሰበረ ምጣድ አለሽ? የተሰበረ ድስት አለህ?» እላለሁ። በሕይወቴ ከሰው ደጅ ምንም ለምኜ አላውቅም፤ አሁን ስባሪ እለምናለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ ሴት «ሽማግሌው ለምን ፈለጉት?» ብላ ከሪማን ጠየቀቻት። ከሪማ «የፕላስቲክ ነጋዴ ሆኜ የገል መጋዘን አደረጉኝ፤ እኔም አልገባኝ» አለቻት። ከዚያ ግን የራሷን እናት የድሮ ድስት ከቤቷ አምጥታ ምንጣፌ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ነው የተሰነጠቀው፤ ገና ይሠራ ነበር። መልሺ አልኳት። ያልሰማች መሰለች፤ ደንቆሮው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ሚስት አበበች አንድ ጋን በጋሪ ላከች። የተሰበረ ጠላ ጋን። ከየትኛው ቤት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ከእሱ ጠላ እንደተቀዳ አንቺም ታውቂያለሽ። ባለጋሪው ልመልሰው ወይ አለኝ። ብዙ ጊዜ አየሁት። አውርደው አልኩ። ሦስት ቀን ፈጨሁት። ከሰበሰብኩት ሁሉ እንደ እሱ የተቃጠለ የለም።

ስፈጭ አልሰማውም። በመዳፌ ግን ይገባኛል፤ ጥሩ ገል ድንጋዩ ሥር ይንጫጫል፣ ያልበሰለው ይሞታል። ይህን እናትሽ አልነገረችኝም። ይህችን አንዲቷን እኔው ነኝ ያገኘኋት፤ ደብተርሽ ላይ ጻፊያት።

ስለ ይቅርታ ያልሽውን ሰማሁ። እጅሽ አልጽፍ ካለ አታስገድጂው። እኔም ያን ቃል ለእናትሽ ሳልናገር ነው የቀረሁት፤ ለአንቺም በአፌ ሳልልሽ በሰው እጅ አላስጽፈውም። ስትመጪ እነግርሻለሁ። ካለሁ።

ስትመጪ በሩን አታንኳኪ፤ አልሰማም። ግቢና ትከሻዬን ንኪኝ። ትከሻዬ ካልተነሣ ከሪማን አታስቸግሪያት፣ አታልቅሺባትም። ወደ ገጠሩ ቤት ሂጂ። ፈይሳ በየሳምንቱ የፈጨሁትን እዚያ ያደርስልኛል። ክምሩ ከቤቱ ጀርባ ነው፣ በነበረበት ቦታ። አሁን ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው።

ገል ዝናብ እንደማይጎዳው አውቃለሁ። ግን ከከሪማ ሱቅ ፕላስቲክ ወስጄ አስሸፈንኩት።

አባትሽ ኦሊቃ